600 ያርድ ላይ ይበተንብኛል፤ ጥይቱ ነው ወይስ እኔ?

ጀማሪው_ከቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዓመት ሙሉ እናንተን ሳነብ ቆይቼ ዛሬ ገና መጻፌ ነው። የሰርቪስ ራይፍል (የወታደር ዓይነት ጠመንጃ) ውድድር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ጠመንጃዬ ኤአር-15 ነው። በርሜሉ 20 ኢንች ነው፤ ውስጡ ያለው ጠመዝማዛ በየ8 ኢንቹ አንድ ዙር ይዞራል። መነጽሬ ደንቡ የሚፈቅደው 4.5 እጥፍ የሚያቀርብ ነው።

200 ያርድ ላይ ቆሜም ተቀምጬም ደህና ነኝ። 300 ላይ ተኝቼ ስተኩስም አላፍርም። 600 ላይ ስደርስ ግን ሁሉም ይበላሽብኛል። ባለፈው ወር በ55 ግሬን (ግሬን የአረሩ ክብደት መለኪያ ነው) ተራ ጥይት ተኮስኩ። አንዱ ዒላማውን ጭራሽ አልነካም። ሌሎቹ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ ተዘሩ። ነጥቤ ከ200 146 ሆነ።

ከዚያ ከአንድ ሱቅ "የውድድር ጥይት ነው" ተብዬ 77 ግሬን ገዛሁ። ሳጥኑ እንደገና የታሸገ ነበር። ቤት ገብቼ ስከፍተው የቀለሆቹ ቂጥ ላይ ያለው ማህተም ሦስት ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። ሻጩን ብጠይቀው "ሁሉም 77 ነው፤ ምን ለውጥ አለው?" አለኝ። 100 ያርድ ላይ ሦስት ጥይት ተኮስኩ፤ ሦስቱም ቀዳዳ በአንድ ሳንቲም ተሸፈነ። በጣም ደስ አለኝ። 600 ላይ ግን 163 ብቻ አመጣሁ። ቁመቱ ትንሽ ሰብሰብ ብሏል፤ ጎኑ ያው ነው።

አጠገቤ የነበረ ሰው "ፍጥነት ጨምርበት" አለኝ። ሌላው "በርሜል ቀይር" አለኝ። እኔ ደግሞ የማወጣው ገንዘብ ውስን ነው። ቤተሰብ አለኝ። የምታውቁትን ንገሩኝ።


ጋሽ_ኦሃዮ

እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። በርሜልህን አትንካው። አዲስ ነገር አትግዛ። መጀመሪያ ቁጥሩን አብረን እንየው።

600 ያርድ 549 ሜትር ገደማ ነው። የ10 ነጥብ ቀለበት ዳር እስከ ዳር 12 ኢንች ነው፤ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር። መሐሉ ላይ ያለው ኤክስ 6 ኢንች ነው። 12 ኢንች በ600 ያርድ ማለት ሁለት ደቂቃ አካባቢ ነው። የማዕዘን ደቂቃ ማለቴ ነው፤ አንዷ ደቂቃ በ100 ያርድ አንድ ኢንች ከምናምን ትሸፍናለች። ስለዚህ ጠመንጃህና ጥይትህ አንድ ላይ አንድ ደቂቃ የሚይዙ ከሆነ፣ ጥይቱ ራሱ ከ10 አያስወጣህም። የተረፈው ያንተና የንፋሱ ነው።

የ55 ግሬኑን ጉዳይ ግን ጥይቱ ላይ ልናላክከው እንችላለን። እሱ ቀላል ነው፣ አጭር ነው። ሲወጣ ይፈጥናል፤ አየሩ ግን ቶሎ ያደክመዋል። 600 ሲደርስ ወደ ድምፅ ፍጥነት እየተጠጋ ነው። ለርካሽ ልምምድ የተሠራ ጥይት ደግሞ አረሩ ከአረር፣ ባሩዱ ከባሩድ እኩል አይደለም። 200 ላይ አይታወቅህም። 600 ላይ ሁሉም ይጋለጣል።

እኔ ካምፕ ፔሪ (ኦሃዮ ያለው የውድድር ሜዳ) መሄድ ስጀምር ለውድድር የተዘጋጀ ኤም14 ዓይነት ጠመንጃ ነበር የምይዘው። 168 ግሬን ሲዬራ ማችኪንግ የሚባለውን የውድድር አረር እንተኩስ ነበር። 600 ላይ እንደ ልብ ይሠራል። 1000 ያርድ ላይ ግን ከድምፅ ፍጥነት በታች ሲወርድ መንገዳገድ ይጀምራል። ለዚህ ነው 175 ግሬኑ የመጣው። ጭራው ቀጠን ብሎ ይሾላል፤ ፍጥነቱ ሲወርድ አይረበሽም። በ1990ዎቹ ኤአር-15 መጥቶ ያንን ሁሉ ከባድ ጠመንጃ ከሜዳው አስወጣው። ብዙዎቻችን በትንሿ ጥይት አላመንንም ነበር። ያሳመነን ረጅሙና ከባዱ አረር ነው፤ 77ና 80 ግሬን።

አሁን አንድ ጥያቄ። የተደባለቀውን 77 ስትተኩስ ማህተሙን ለይተህ ነበር?


ጀማሪው_ከቨርጂኒያ

አለየሁም ጋሼ። እንደመጣ ነው ካዝና ውስጥ ያስገባሁት። ስላብራሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ።


ዴንቨር_እህት

ወንድሜ፣ ጋሼ የጠየቁህ ነገር ዋናው ነው። ሙያዬ መለካት ስለሆነ በቁጥር ላስረዳህ።

ሦስት ዓይነት ቀለህ ማለት ምናልባት ሦስት ፋብሪካ፣ ሦስት ዓይነት ባሩድ ማለት ነው። የአረሩ ክብደት አንድ መሆኑ አያድንህም። በ77 ግሬን ጥይት የመነሻ ፍጥነቱ በሴኮንድ 3 ሜትር ቢለያይ 600 ያርድ ላይ ቁመቱ በግምት 2.5 ሳንቲ ሜትር ይቀየራል። 15 ሜትር ቢለያይ ከ12 ሳንቲ ሜትር በላይ ሆነ። ይሄ ያንተ እጅ ሳይንቀጠቀጥ፣ ንፋስ ሳይነፍስ ነው። የተቀላቀለ ሳጥን ውስጥ ከዚያም በላይ ልዩነት ሊኖር ይችላል። 100 ያርድ ላይ ግን አታየውም፤ ጥይቱ ለመውደቅ ጊዜ አላገኘማ።

ሁለተኛው የሦስት ጥይት ነገር ነው። ይሄ ብዙ ሰው የሚያሳስት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ያው ጠመንጃ፣ ያው ጥይት፣ ያው ተኳሽ ሆኖ የሦስት ጥይት ግሩፕ (ቀዳዳዎቹ ዳር እስከ ዳር ያላቸው ስፋት) በአማካይ የሃያ ጥይት ግሩፕ ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚሆነው። ጥይቱ ስለተሻለ አይደለም። ጥቂት ስትተኩስ ዳር ላይ የሚወድቁት ገና አልመጡም። አንተ ደግሞ 600 ላይ የምትተኩሰው 20 ነው። በሦስት ጥይት አይተህ "ይሄ ጥይት ይሻላል፣ ያ ይብሳል" ብለህ መምረጥ ዕጣ እንደማውጣት ነው። እኔም እንደዚያ እየመረጥኩ አንድ ክረምት ሙሉ ገንዘብ አፍስሻለሁ። አሁን ጥይት ስፈትሽ ከ20 አላሳንስም። ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ እተኩሳለሁ። የሚያስጠላውን ቀዳዳ "እኔ ነኝ የሳትኩት" ብዬ አልሰርዝም።

ስለዚህ ምክሬ፦ ከታወቀ አምራች፣ አንድ የሎት ቁጥር ያለው (አብሮ በአንድ ዙር የተመረተ) 77 ግሬን ግዛ። ለአንድ የውድድር ዓመት የሚበቃህን በአንዴ። ሎቱ ሲቀየር ጠመንጃህን እንደገና አስተካክል።


ሲያትል_ባሩድ

እኔ ትንሽ ልለይ። የፋብሪካ ጥይት ቀስ ያለ ነው። ቀለሁን ራስ በባሩድና በአረር በእጅ ሞልቶ ከፍ ባለ ፍጥነት መተኮስ ንፋሱን ይቀንሳል። እኔ ከመመሪያው ጣሪያ ትንሽ አልፌ ነው የምሞላው፤ ጠመንጃዬ እስካሁን ምንም አልሆነም። 600 ላይ ልዩነቱን በዓይኔ አይቻለሁ። የባሩዱን መጠን ብትፈልጉ እጽፍላችኋለሁ።


አወያይ

የባሩድ መጠን በቁጥር እዚህ አይጻፍም። የራሳችሁን የመሙያ መመሪያ መጽሐፍ ተከተሉ። ከመመሪያው ጣሪያ በላይ መሙላትን የሚያበረታታ ጽሑፍ ይነሳል። ሌላው ውይይት ይቀጥል።


ጋሽ_ኦሃዮ

ወንድሜ ሲያትል፣ በንቀት እንዳትወስድብኝ። ሞልተህ የምትተኩስ ሰው መሆንህን አከብራለሁ። ግን ይሄ ልጅ ሲያነብህ ሊሞክረው ነው፤ ስለዚህ በግልጽ ልናገር።

በእጅ በሚቀባበል ጠመንጃ ጥይቱን የምታስገባው አንተ ነህ፤ ቀስ ብለህ ትገፋዋለህ። በእኛ ጠመንጃ የሚያስገባው ጋዝና ሞላ (ስፕሪንግ) ነው። ጥይቱን ከካዝናው ነጥቆ በኃይል ይሰካዋል። አረሩ በቀለሁ አንገት በደንብ ካልተያዘ ወደ ውስጥ ይገፋል። ያኔ የባሩዱ ቦታ ይጠባል፤ ግፊቱ ያሻቅባል። ከጣሪያ በላይ የሞላህ ቀን ደግሞ ለዚያ የሚሆን መተንፈሻ አላስቀረህም።

የኤአር-15፣ የኤም14ና የጋራንድ መምቻ መርፌ ደግሞ ልቅ ነው፤ ሞላ አልያዘውም። መዝጊያው ሲዘጋ መርፌው በራሱ ወደ ፊት ሄዶ ፕራይመሩን (ባሩዱን የሚለኩሰውን፣ ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለውን) ነካ ያደርገዋል። ያልተተኮሰ ጥይት አውጥተህ ብታየው ቂጡ ላይ ትንሽ ነጥብ ታገኛለህ። ፕራይመሩ ስስ ከሆነ ወይም ከቦታው ወጣ ብሎ ከተቀመጠ፣ ቃታ ሳይነካ ሊፈነዳ ይችላል። ለዚህ ነው ለወታደራዊ ጠመንጃ የተሠራ ጠንካራ ፕራይመር የምንመርጠው። ቀለሁንም ሙሉ በሙሉ ወደ ልኩ እንመልሰዋለን፤ በቀለህ መለኪያው ውስጥ አስገብተን አንድ በአንድ እናያለን። አንድ ጊዜ በችኮላ ያልለካሁት ቀለህ በርሜሉ ክፍል ውስጥ ተሰክቶ ቀረና የ300 ያርዱን ፈጣን ተኩስ ግማሹን አጣሁ። በ70 ሴኮንድ ውስጥ 10 ጥይት መጨረስ አለብህ፤ አራት ላይ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ ያስገባሁት የለም።

ፍጥነቱ የሚሰጥህ ጥቅም ደግሞ እንደሚወራው አይደለም። በሴኮንድ 15 ሜትር ብትጨምር ንፋሱ ላይ የምታተርፈው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ባንዲራ ዘወር ስትል ካላየህ እጥፉን ትከስራለህ።


ሲያትል_ባሩድ

እሺ ጋሼ። የፕራይመሩን ነገር እንደዚያ አላሰብኩትም ነበር። ዛሬ ማታ የሞላሁትን አውጥቼ አያለሁ።


የቃኘው_ልጅ

ሰላም ወገኖች። ውይይቱን እየተከታተልኩ ነበር። የኔ ጥያቄ በ600 አይደለም፤ በ200 ያርድ ነው። ግን የጥይት ነገር ስለሆነ እዚሁ ልጠይቅ።

አባቴ በ1951 ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቷል። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ነበሩ። የያዙትም የአሜሪካኖቹን ኤም ዋን (ጋራንድ) ነበር። ልጅ ሆኜ ስምንት ጥይት የሚይዘው ብረት (ክሊፑ) ጥይቱ ሲያልቅ "ቅጭል" ብሎ እንዴት እንደሚወጣ ያጫውተኝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ ኤም ዋኖች አሜሪካ ገበያ ላይ መጡ። አንዱን ገዛሁ። ሰደፉ ላይ የአማርኛ ፊደል የተቀረጸበት ነው። አባቴ የነካው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ግን ሳነሳው እጄ ይከብደኛል።

ለጋራንድ ውድድር ልወስደው አስቤያለሁ። ምን ጥይት ልስጠው? ሱቅ ውስጥ ያለው የአደን 30-06 (የጋራንዱ የጥይት ልክ) ሁሉ ይሆናል ይሉኛል። በርሜሉ ውስጥ ደግሞ የዛገ የሚመስል ጠባሳ አለ።


ጋሽ_ኦሃዮ

የቃኘው ልጅ፣ አባትህን ፈጣሪ ያክብርልን። እንደዚያ ያለ ጠመንጃ ስለያዝክ እኔም ደስ ብሎኛል።

የአደኑን ጥይት ሁሉ አትስጠው። ጋራንድ ጋዙን የሚወስደው ከበርሜሉ ጫፍ አካባቢ ነው። ጋዙ ኦፕ ሮድ የምንለውን ረጅም ዘንግ ይገፋል። ጠመንጃው የተሠራው ለዘመኑ ወታደራዊ ጥይት ነው፤ 150 ግሬን አካባቢ አረርና መካከለኛ ፍጥነት ያለው ባሩድ። የዛሬ ከባድ የአደን ጥይት ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ሊኖረው ይችላል። እሱ ጋዙ ቀዳዳ ጋ ሲደርስ ገና ብዙ ግፊት ይዟል። ዘንጉን ያጎብጠዋል። ዘንጉ ከጎበጠ ጠመንጃው መሥራቱም ማነጣጠሩም ተበላሸ። ሳጥኑ ላይ ለኤም ዋን ጋራንድ የተሠራ ነው ተብሎ የተጻፈበትን ፈልግ፤ አለ።

ጠባሳው ከድሮው ጥይት ነው ብዬ እገምታለሁ። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ የነበረው ወታደራዊ ጥይት ፕራይመሩ ጨው ነገር ያስቀር ነበር፤ ቶሎ ካልታጠበ በርሜል ያዝጋል። ጠባሳ ስላለው ብቻ አይጣልም። ብዙ ጊዜ ዋናው የአፈሙዙ ጫፍ ነው። ዘመኑን ሁሉ ከፊት በኩል በብረት ዘንግ ሲጸዳ የኖረ በርሜል ጫፉ ይበላል፤ አረሩ ሲወጣ እኩል አይለቀውም። መጀመሪያ ልምድ ያለው ጠመንጃ ጠጋኝ ይመርምረው፤ ሳይታይ አትተኩስበት። አንድ ጥይት ብቻ ስትተኩስም ክፍሉ ውስጥ በእጅህ ጥለህ መዝጊያውን አትልቀው፤ ቅድም ያልኩት የልቅ መርፌው ነገር ነው። በክሊፑ አስገባው።


የቃኘው_ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሳይመረመር አልተኩስበትም።


ጀማሪው_ከቨርጂኒያ

የኤም ዋኑን ታሪክ ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። አመሰግናለሁ።

ወደ ጎኑ ጉዳይ ልመለስ። አንድ ሎት 77 ግሬን አዝዣለሁ። ግን 80 ግሬን ይሻላል የሚሉ አሉ። ልቀይር?


ዴንቨር_እህት

80 ግሬኑ ጥሩ ነው። ግን ረጅም ስለሆነ ካዝና ውስጥ አይገባም። አንድ በአንድ በእጅ ነው የሚገባው። 600 ላይ 20 ጥይት በ20 ደቂቃ ስለሆነ ጊዜው ይበቃሃል። በየ8 ኢንቹ የሚዞረው በርሜልህም ያረጋጋዋል። ብዙውን ጊዜ ግን በእጅ ለሚሞላ ሰው ነው የሚመከረው።

የንፋሱን ልዩነት ልንገርህ። ከጎን በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ 600 ያርድ ላይ 77ቱን አንድ ሜትር ያህል ይወስደዋል። 55ቱን ወደ አንድ ሜትር ተኩል። 80ውን ከ77ቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ያነሰ። ታዲያ 80ው ማትረፉ እውነት ነው። ግን ተመልከት፤ በ77ቱ በሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ የንፋስ ለውጥ ከ10 ቀለበት ዳር ያደርስሃል። ያ ንፋስ ፊትህ ላይ እንኳ አይሰማህም።

አንድ ነገር ደግሞ፤ የኔን የመነጽር ቁጥር አትገልብጥ። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1600 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስስ ነው። እዚህ የሚሠራልኝ ማስተካከያ አንተ ጋ ዝቅ ብሎ ይመታል።


ጋሽ_ኦሃዮ

እኅታችን ያለችው ልክ ነው። ገና 80 አትግባ። የያዝከውን 77 ተኩስ።

አሁን ለጎኑ ሦስት ነገር እይ። መጀመሪያ ማንገቻህን። ተኝተህ ስትተኩስ ማንገቻውን ምን ያህል እንደምታጠብቅ ታውቃለህ? በርሜሉ ከመያዣው ተለይቶ የሚቆምበት ቱቦ ከሌለህ ማንገቻው በርሜሉን ራሱን ይጎትታል። 200 ላይ የወሰድከው ዜሮ (የመነጽሩ ማስተካከያ) 600 ላይ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ይሄን በጥይት አታስተካክለውም።

ሁለተኛ፣ ጥይት በርሜል ውስጥ አስገብተህ ንፋስ አትጠብቅ። በርሜሉ ግሏል። ጥይቱ እዚያ ሁለት ደቂቃ ሲቀመጥ ባሩዱ ይሞቃል፤ ሲተኮስ ወደ ላይ ይወጣል። ንፋሱን አይተህ ስትወስን ነው የምታስገባው። ጥይትህንም ፀሐይ ላይ አታስቀምጠው፤ በጨርቅ ሸፍነው። የመኪና ወንበር ላይ የተወ ሰው አይቻለሁ፤ ጠዋትና ከሰዓት ሁለት የተለያየ ጥይት የተኮሰ ያህል ነው የሆነበት።

ሦስተኛው ንፋሱ ራሱ ነው፤ ይሄ ዕድሜ ይፈልጋል። ባንዲራዎቹን ብቻ አትይ። ማያ መነጽርህን ከዒላማው ትንሽ ቀረብ ወዳለ ቦታ አስተካክልና በሙቀት የሚርገበገበውን አየር እይ። ወደ የትኛው ጎን እንደሚፈስ ያሳይሃል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲፈላ ካየህ ንፋሱ ሊዞር ነው፤ ያኔ አትተኩስ። ካምፕ ፔሪ ከኤሪ ሐይቅ ዳር ነው፤ የምትተኩሰውም ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ነው። ጠዋት ጸጥ ያለ ይመስልሃል፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ባንዲራው ዞሮ ታገኘዋለህ። እዚያ ጥሩ ነጥብ ያላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከዒላማው ሥር ያለው ጉድጓድ ገብተው ዒላማ ሲያወጡና ሲያወርዱ እንኳ ባንዲራ ያያሉ።

እያንዳንዱን ጥይት ጻፍ። ስትለቅ የት ነው ብለህ እንደገመትክ፣ የት እንደመታ፣ ባንዲራው እንዴት እንደነበር። ግምትህና ምቱ የሚለያየው በጎን ብቻ ከሆነ ንፋሱ ነው። በቁመት ከሆነ ወደ ጥይቱ ወይም ወደ አተነፋፈስህ ተመለስ።


ጀማሪው_ከቨርጂኒያ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

መጀመሪያ አዲሱን ሎት 100 ያርድ ላይ ሃያ ጥይት በአንድ ወረቀት ተኮስኩ። ዳር እስከ ዳር ከአንድ ደቂቃ ትንሽ አለፈ። የሦስት ጥይቱን ወረቀት ፍሪጅ ላይ ለጥፌ ነበር፤ አንስቼዋለሁ። ይሄኛው እውነቱ ነው።

ከዚያ ማንገቻውን ፈተሽኩ። ጠመንጃዬ የሚለየው ቱቦ አለው፤ ስለዚህ በርሜሉ አልተጎተተም። ግን አንድ ቀዳዳ አልፌ አጥብቄ ስለምይዘው የልብ ምቴ መነጽሩ ውስጥ ይታየኝ ነበር። አላላሁት።

ቅዳሜ 600 ላይ 182 አመጣሁ። ኤክስ አራት። ሁሉም ዒላማው ላይ ነው። ቁመቱ ከ9 ቀለበት አልወጣም። ጎኑ ላይ ሁለት 7 አለ። መጽሐፌን ሳየው ሁለቱንም የለቀቅሁት አየሩ ቀጥ ብሎ ሲፈላ ነው። ጽፌዋለሁ፤ "ፈላ" ብዬ። ግን ለቅቄዋለሁ። ሰዓቱ ያለቀብኝ መስሎኝ ነበር፤ ስጨርስ ስድስት ደቂቃ ተርፎኛል።


ጋሽ_ኦሃዮ

ጎሽ ልጄ! የሎቱን ቁጥር የመጽሐፍህ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፈው። ስድስቱን ደቂቃ ደግሞ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያዘው። አየሩ ሲፈላ ጣትህን ከቃታው አንሳና ተንፍስ፤ ባንዲራው እስኪለይለት ጠብቅ።


ሲያትል_ባሩድ

እኔም ሪፖርት አለኝ። ከሞላኋቸው 50 ጥይቶች ሦስቱ ላይ ፕራይመሩ ወጣ ብሎ ተቀምጧል። 50ውንም ፈትቻቸዋለሁ። ከመመሪያው መነሻ ቁጥር ጀምሬ እንደገና ልሞላ ነው።